ከመርሐቤቴ የመጣው ማር ለማን ይሰጥ?

ጥያቄው ደብረ ብርሃን ከምትኖር እናት ነው፣ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «አማቴ ከመርሐቤቴ 3 ኪሎ ማርና አንድ ትንሽ ጠርሙስ የጣዝማ ማር ላኩልን። ጣዝማውን ለህፃኑ ሳል አልሺው ብለዋል፣ ልጁ 8 ወሩ ነው። የ5 ዓመት ሴት ልጅም አለችኝ፣ እሷም ሌሊት ሌሊት እያሳላት ነው። ባለቤቴ ደግሞ ስኳር አለበት፣ ኪኒን ይውጣል፣ ግን ማር የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳኝም ብሎ ጠዋት በባዶ ሆዱ ይበላል። ማሩ ሲመጣ ወለላ ነበር፣ በሳምንቱ እንደ ቅቤ ረጋ፣ ጎረቤቴ ስኳር ተቀላቅሎበታል አለችኝ። ይሄ ማር ይጠቅመናል ወይስ ይጎዳናል?»

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናወራዋለን፣ መጀመሪያ ግን ያቺን የጣዝማ ጠርሙስ አንሺና ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪያት። 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። የጣዝማም ይሁን የንብ፣ ነጭም ይሁን ቀይ፣ በውሃ የተበረዘም ይሁን በሻይ፣ በጣት ጫፍ ለመላስ ያህልም ቢሆን አይሰጥም። ከዚህ በታች የምፅፍልሽ ነገር አብዛኛው «እንደ ሰዉ ነው፣ እንደ መጠኑ ነው» የሚባል አይነት ነው፣ ይሄኛው ግን እንደዛ አይደለም፣ ቁርጥ ነው።

እኔ ጤና መኮንን ነኝ፣ ስራዬ በአብዛኛው ከእናቶችና ከህፃናት አመጋገብ ጋር ነው፣ ያደግኩት ደግሞ ተጉለት ውስጥ ንብ ከሚያነባ አባት ቤት ነው። ስለዚህ ማር የሚጠላ ሰው እየመለሰልኝ ነው ብለሽ እንዳታስቢ፣ ማር ቤታችን ውስጥ የእንግዳ ክብርም የጥሬ ገንዘብም መገኛ ነበር፣ የኔ ደብተርና እስክሪብቶ የተገዛው በማር ብር ነው።

ለምን አይሰጥም ካልሽ፣ አባቴ ቀፎ ሲሰራ የማየውን ልንገርሽ። ሸምበቆውን በሐረግ ጠፍሮ ያበጅና ውስጡንም ውጪውንም በእበትና በጭቃ ይለቀልቀዋል፣ እኛ ልጆቹ ነን እበቱን በእጃችን የምናቦካለት፣ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ በወይራ ጭስ ይታጠናል ከዛ ይሰቀላል። ንቧ ደግሞ ውሃ የምትቀዳው ከምንጭ ዳር ከረጠበ አፈር ላይ ነው። አፈር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ይሄ ባክቴሪያ ሁኔታው ሲከፋበት ስፖር የሚባል ጠንካራ ዘር ይሆንና ይተኛል፣ በአቧራውም በንቧ እግርም ተሸክሞ ማር ውስጥ ይገባል። ማር ውስጥ አይራባም፣ ማር ደረቅና ጎምዛዛ ነገር ስለሆነ ማንም አይራባበትም፣ ግን አይሞትምም። ንብ አናቢው ቆሻሻ ስለሆነ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ በዘመናዊ ቀፎ ተመርቶ በፋብሪካ ታሽጎ ሱፐርማርኬት የገባውም ማር ውስጥ ይገኛል።

እኔና አንቺ ስፖሩን ብንበላው አንጀታችንን የሞሉት ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ቦታ አይሰጡትም፣ እንደገባ ይወጣል። የ8 ወር ልጅ አንጀት ግን ገና ነዋሪው ያልሞላ ቤት በይው፣ ስፖሩ እዛ ይበቅልና መርዝ ያመነጫል፣ መርዙ ደግሞ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን መንገድ ይዘጋል። የሚያሳዝነው አጀማመሩ ቀላል መምሰሉ ነው፣ መጀመሪያ ሆድ ድርቀት ነው፣ 3 ቀን 4 ቀን ካካ የለም፣ እናት ገንፎው አድርቆት ነው ትላለች። ከዛ ጡት ሲስብ አቅም ያጣል፣ ለቅሶው እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ይሆናል፣ የአይኑ ቆብ ይወርዳል፣ አንገቱን ችሎ የነበረው ልጅ አንገቱ መልሶ ይዝለፈለፋል። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ጋ ነው። ህክምናው ሆስፒታል ተኝቶ፣ አንዳንዴም ሳምንታት በመተንፈሻ ማሽን ነው፣ በጊዜ ከደረሰ አብዛኛው ልጅ ይድናል።

አማትሽ «እኛ ልሰን አድገን የለም ወይ» ቢሉሽ እውነታቸውን ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም በሽታ አይደለም፣ በህፃናት ላይ እንዲህ አይነት ቦቱሊዝም መኖሩ ራሱ የታወቀው በ1976 እ.ኤ.አ ነው፣ እሳቸው ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ ማን ሊነግራቸው። ግን በኛ ሀገር ድሮ ህፃን ደክሞ ደክሞ ሲሞት ምን እንደገደለው ማን መረመረ? ነፍስ ላይ ደግሞ «ብዙ ጊዜ አያጋጥምም» የሚባል ሂሳብ አይሰራም፣ በተለይ ማሩን መተዉ ምንም የማያስቀር ሲሆን።

«ባፈላውስ?» እንዳትይኝ፣ ይሄን የሚጠይቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ስፖሩ 100 ዲግሪ ላይ ቢፈላም አይሞትም፣ እሱን ለመግደል 121 ዲግሪ በግፊት ያስፈልጋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከፍታዋ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ያንቺ ምድጃ ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንኳን 121 መቶውም ጋ አይደርስም።

ምናልባት ይሄን ከማንበብሽ በፊት አልሰሽው ከሆነ ደግሞ አትደንግጪ፣ እራስሽንም አትውቀሺ፣ ማር የላሰ ልጅ ሁሉ አይታመምም። እስከ አንድ ወር ድረስ ግን አይንሽ እሱ ላይ ይሁን፣ ቅድም ከዘረዘርኩልሽ አንዱን ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጂውና «ማር በዚህ ቀን ቀምሷል» ብለሽ ቀኑን ተናገሪ፣ ይሄ አንድ ቃል ለሀኪሙ ብዙ ያሳጥርለታል።

ጣዝማው መድኃኒት ነው የሚባለውስ? ጣዝማ እንደምታውቂው የማትናደፍ ትንሽዬ ንብ ናት፣ ማሯን የምትሰራው መሬት ውስጥ ነው፣ ቆፍረው ነው የሚያወጡት፣ ስለሚያደክም ነው ውዱ። ቀጭን ነው፣ ጎምዘዝ ይላል፣ የውሃ መጠኑም ከተራው ማር ይበልጣል። ባክቴሪያ የመከላከል ባህሪ እንዳለው በላብራቶሪ የታየ ነገር አለ፣ ውሸት ነው አልልሽም። ግን ብልቃጥ ውስጥ ባክቴሪያ ማዳከም ሌላ፣ ሰው ማዳን ሌላ ነው፣ እና ደግሞ ከአፈር ስር ተቆፍሮ የወጣ ነገር ስለ አፈር ባክቴሪያ በምናወራበት ሰዓት ለጨቅላ የሚመረጥ አይደለም። ሰዉ ለአይንም ይጨምረዋል፣ እባክሽ አይን ውስጥ ምንም አይነት ማር እንዳይገባ፣ አይን የሚታከምበት ጠብታ ንፁህ ተደርጎ ነው የሚሰራው።

እና ለህፃኑ ሳል ምን ላድርግ ካልሽ፣ ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቢው፣ በቀን ከለመደው ጨምሪለት፣ ለሱ ከጡት የበለጠ የሳል ፈሳሽ የለም። አፍንጫው ከተዘጋ ከፋርማሲ የጨው ውሃ ጠብታ አለ፣ ከማጥባትሽ በፊት ጠብ ጠብ አድርጊለት። ከሰል ያለበት ክፍል አታስተኚው፣ አውቃለሁ ብርዱን፣ የህዳር ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ምን እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን የከሰል ጭስ ሳሉን ያብሰዋል፣ በተዘጋ ቤት ደግሞ ሰው ይገድላል። ደራርበሽ አልብሺው፣ ከራስሽ ጋ አድርጊው። የሳል ሽሮፕ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትሰጪው።

ዋናው ግን መቁጠር ነው። ልጁ ተረጋግቶ፣ ሳያለቅስ፣ ሲተኛ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ልብሱን ገለጥ አድርጊና ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሽ ስልክሽ ላይ ሰዓቱን ይዘሽ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ። በሱ እድሜ 50 እና ከዛ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፣ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፣ የዛኑ ቀን ጤና ጣቢያ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ስር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከወትሮው ውጪ ከፈዘዘ ቁጥሩን ሳትጠብቂ ሂጂ።

አሁን ወደ ትልቋ። ለሷ ማሩ በእውነት ይጠቅማል፣ ይሄን ስልሽ ደስ እያለኝ ነው፣ ምክንያቱም አያቶቻችን ትክክል የነበሩበት ቦታ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ ጉንፋን ይዟቸው ሌሊት የሚያሳላቸው 105 ልጆችን በሦስት ከፍለው አንዱ ቡድን ከመኝታ በፊት ማር፣ አንዱ የታወቀ የሳል ሽሮፕ፣ አንዱ ምንም ሳይሰጠው አደረ። ወላጆች ጠዋት ሲጠየቁ ከሁሉ የተሻለ የተባለው ማሩ ነበር። ከዛም ወዲህ ሌሎች ጥናቶች ተሰርተዋል፣ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም በ2018 እ.ኤ.አ ለድንገተኛ ሳል አንቲባዮቲክ ከመሮጥ በፊት ማር ሞክሩ ብሎ ፅፏል። እንዴት እንደሚሰራ ብዙ የተወሳሰበ ነገር የለውም፣ ወፍራም ስለሆነ የተላጠውን ጉሮሮ ይሸፍነዋል፣ ጣፋጩ ምራቅ ያመጣል፣ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ልጅቷም ትተኛለች፣ አንቺም ትተኛለሽ።

አሰጣጡ፦ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ሳይበዛ፣ ከመኝታ ግማሽ ሰዓት በፊት። እንዳለ ትላሰው ወይም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ሎሚ ብትጨምሪም ችግር የለውም። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ አንድ ላይ ደባልቆ መስጠቱን ተይው፣ የልጅ ጨጓራ ያቃጥላል፣ እንደገና ደግሞ ምኑ እንደጠቀማት ምኑ እንደጎዳት አታውቂም። ልሳ አፏን በውሃ ትጉመጥመጥ፣ ማር ጥርስ ላይ ተለጥፎ ካደረ እንደ ከረሜላ ነው የሚያበላሸው። ለሷም ቢሆን ትንፋሿን ቁጠሪ፣ 5 ዓመት ሳይሞላ 40 እና ከዛ በላይ ፈጣን ነው፣ ከ5 በላይ ሲሆን ደግሞ ከዛ ዝቅ ባለም ጊዜ ትንፋሽ ካጠራት ማሳየት ነው። ሳል 2 ሳምንትና ከዛ በላይ ከቆየ፣ ልጅ ሆነ አዋቂ፣ ማር የሚባል ነገር እዛ ላይ ያበቃል፣ የቲቢ ምርመራ ነው የሚያስፈልገው። ይሄን አጥብቄ የምለው በማርና በነጭ ሽንኩርት ወራት ቆይተው፣ ቤተሰቡን አስይዘው ከስተው የሚመጡ ሰዎች ስላየሁ ነው።

ባለቤትሽ ጋ ስንመጣ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ከህፃኑ ቀጥሎ ያሳሰበኝ እሱ ነው። «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ጎድቷል። ማር ምንድነው? ከመቶው 80 የሚሆነው ስኳር ነው፣ 17 18 የሚሆነው ውሃ፣ የቀረችው ትንሽዬ ነገር ናት አሲዱ፣ ኢንዛይሙ፣ ማዕድኑ፣ ሽታና ቀለሙ። ስኳሩም ፍሩክቶስና ግሉኮስ ነው፣ ግሉኮስ ማለት ያው በመርፌ ጣቱን ወግተው የሚለኩለት እሱው ነው። ንቧ ከአደይ አበባ ቀሰመችው ከግራር ቀሰመችው፣ ደሙ ውስጥ ሲገባ ስኳር ነው።

ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ማር ከባድ ነው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ይመዝናል፣ ውስጡ 17 ግራም ስኳር አለ። ያው ማንኪያ ስኳር ቢሆን 12 ግራም ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ስኳሩን በማር ቀየርኩ ብሎ ማንኪያ በማንኪያ ሲተካ ስኳሩን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ ያወጣው መመሪያም ማርን ከስኳር ጋር ነው አንድ ላይ የቆጠረው፣ ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ቢችል ከ25 ግራም እንዳያልፍ ነው የሚመከረው፣ ሻይ ውስጥ የገባውም ለስላሳውም ብስኩቱም ተደምሮ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማር ብቻውን 34 ግራም ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል የሚሉት አባቶች ግራም ሳያውቁ ነው የደረሱበት።

በባዶ ሆድ መብላቱ ደግሞ ለስኳር ታማሚ ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው፣ የሚያዘገየው ሌላ ምግብ ስለሌለ ቶሎ ነው ደም ውስጥ የሚገባው። ለጤነኛ ሰውም ቢሆን በባዶ ሆድ ስለተበላ የሚጨምረው የተለየ ጥቅም የለም። እና ይተው ወይ? እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ፣ የጠዋቱ ይቁም። መለኪያ ማሽን ካላችሁ ዛሬ ሳይበላ፣ ከዛ ማር በበላበት ቀን ከ2 ሰዓት በኋላ ይለካና ቁጥሩን ራሱ ይየው፣ እኔ ከምመክረው ቁጥሩ ይመክረዋል። ስኳሩ የተስተካከለ ከሆነ፣ አልፎ አልፎ አንዲት የሻይ ማንኪያ ከምግብ ጋር፣ የምግቡ ስኳር ውስጥ ተቆጥሮ፣ ያን ያህል አያስፈራም። ኪኒኑን ግን በማር ምክንያት አንድ ቀንም እንዳያስቀር።

ማር ለሱ ጥሩ የሚሆንበት አንድ ሰዓት አለ። አንዳንድ የስኳር መድኃኒቶች፣ በተለይ ኢንሱሊን፣ ስኳሩን ከልክ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ፣ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስ ያዞራል። ያኔ ነቅቶ መዋጥ የሚችል ከሆነ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ስጪው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ፣ ካልተነሳ ድገሚ፣ ከዛ ምግብ ይብላ። ራሱን ስቶ ከወደቀ ግን አፉ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ ተሸክሞ ወደ ሆስፒታል ነው።

ስለ ቁስል አልጠየቅሽኝም ግን ስኳር ያለበት ሰው ቤት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንድ አባት እግራቸው ስር የሚስማር ቀዳዳ የምታህል ቁስል ወጣችባቸው፣ ስኳር ነርቫቸውን ጎድቶት ስለነበር አላመማቸውም፣ ማር እያደረጉ በጨርቅ እየጠቀለሉ 3 ሳምንት ቆዩ። የመጡ ቀን ጨርቁን የፈታሁት እኔ ነኝ። ላዩ ላይ ማሩ እንደ ቆዳ ደርቆ አምሯል፣ ስጫነው ከስሩ መግል ወጣ፣ ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ ሁለቱ ጣቶች ጠቁረው ነበር። ጣቶቹ ተቆረጡ። በእውነት ማር ቁስል ላይ ይሰራል፣ ውሃውን ከባክቴሪያው ይመጥበታል፣ አሲድነት አለው፣ ቁስሉ ፈሳሽ ሲነካው ትንሽ ትንሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያወጣል፣ ውጭ ሀገር ሆስፒታሎችም ለቁስል ይጠቀሙበታል። ግን እነሱ የሚጠቀሙት ለህክምና ተብሎ በጨረር ስፖሩ ተገድሎ የታሸገውን ነው፣ ቁስሉንም የሚያየው ባለሙያ ነው። ያንቺ ባለቤት እግሩን ማታ ማታ በመብራት ይይ፣ ስሩን ማየት ካልቻለ አንቺ እይለት፣ ቁስል ካገኛችሁ በማግስቱ ጤና ጣቢያ።

ጨጓራ ያለበት ሰው ቤት ካለም በአጭሩ፦ ማር ለሰዓታት ሊያረጋጋ ይችላል፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ካለ ግን አያጠፋውም፣ ሰገራ ተመርምሮ መድኃኒቱን መጨረስ ነው። ማርና ሎሚ ያከሳል የሚባለውም አያከሳም። ማር ትኩስ ሻይ ውስጥ ሲገባ መርዝ ይሆናል ሲባልም ትሰሚያለሽ፣ አይሆንም፣ ሙቀቱ ጥቂት ኢንዛይምና ሽታውን ይቀንስበታል እንጂ። አንቺ እያጠባሽ ማር ብትበዪ ለህፃኑ በጡት አይተላለፍም፣ ብዪ።

አሁን ወደረጋው ማር፣ ጎረቤትሽን ለማስታረቅ። ማር መርጋቱ ስኳር የተቀላቀለበት ምልክት አይደለም። ማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ ውሃው ከሚችለው በላይ ነው፣ ብርድ ሲያገኝ ክሪስታል ይሰራል፣ ለዚህ በጣም የሚመቸው 14 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማሩ መርሐቤቴ ሞቅ ያለው አየር ላይ ወለላ ሆኖ ተቀመጠ፣ ደብረ ብርሃን ህዳር ውርጭ ላይ ስታመጪው ረጋ፣ በቃ ይሄው ነው። ምን አበባ እንደቀሰመም ይለያያል፣ አንዳንዱ በሳምንት ይረጋል፣ አንዳንዱ ዓመት ወለላ ሆኖ ይቆያል። እንዲያውም እኛ ቤት ነጩ የረጋው ነበር ለእንግዳ የሚቀርበው።

ቀልጦ እንዲመለስልሽ ከፈለግሽ እሳት ላይ አትጣጂው፣ ጠርሙሱን እጅሽ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ፣ ከ40 ዲግሪ ሳያልፍ፣ አስቀምጪና ውሃው ሲበርድ ቀይሪው።

ማጭበርበር ግን የለም እያልኩሽ አይደለም፣ ገበያ ላይ ስኳር የሚቀቅሉበት አለ፣ ንብ አናቢውን የሚያከስር፣ ቀፎ ስር ሌሊቱን በጭስ ሲያለቅስ ያደረውን ሰው ድካም የሚያረክስ ነገር ነው፣ ያናድደኛል። ችግሩ የቤት መፈተኛዎቹ አይሰሩም። ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግ፣ በክብሪት ማቃጠል፣ ጉንዳን ይቀርበዋል አይቀርበውም፣ ወፍራም የስኳር ሽሮፕም እነዚህን ፈተናዎች ያልፋል፣ እውነተኛ ማርም ውሃ ከበዛበት ይወድቃል። በትክክል የሚለየው ላብራቶሪ ነው። አንቺ ግን የማሩን ቀፎ የሚያውቁ አማት አሉሽ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ አለ። እሳቸው የላኩትን ስኳር ነው ብለሽ በስልክ እንዳትናገሪ፣ ያዝናሉ፣ ልክም አይደለም።

የመጣው በጀሪካን ከሆነ ወደ ጠርሙስ ገልብጪው፣ በተለይ ጀሪካኑ ዘይት ወይም ሌላ ነገር የነበረበት ከሆነ ዛሬውኑ። ብረት እቃ ውስጥም አይቆይ፣ ማር አሲድ ስላለው ብረቱን ይበላዋል። ማንኪያሽ ደረቅ ይሁን፣ ክዳኑ ጥብቅ ይበል፣ ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ውሃው ከ20 በመቶ ካለፈ ይቦካል። አረፋ ካወጣና ጠጅ ጠጅ ካለሽ ያ ነው የሆነው። ጉሮሮ የሚያቃጥል፣ የሚመር፣ የሚያዞር ማር ካጋጠመሽ ደግሞ አትቀጥይበት፣ ንብ ቁልቋልንም ትቀስማለች፣ የቁልቋል ማር ጉሮሮ ላይ እሳት ነው።

አማትሽን እንዴት እንደምትነግሪያቸው ሳታስቢ አትቀሪም። እኔ ብሆን «ሀኪም ከለከለኝ» ብዬ ደውዬ አልዘጋም፣ ልጃቸው ስልኩን ይዞ ራሱ ያውራቸው፣ ለትልቋ ልጅ ማሩ ጠቀማት ተኛችልን በሏቸው፣ እውነት ነውና፣ ከዛ የህፃኑን ንገሯቸው። ህፃኑ አሁን 8 ወሩ ከሆነ በመጋቢት 1 ዓመቱ ነው። ጣዝማው ውሃው ስለሚበዛ እስከዛ ሊቦካ ይችላል፣ እሱን እናንተ አዋቂዎቹ ጨርሱት። ከተራው ማር ግን አንድ ትንሽ ጠርሙስ ደረቅ አድርገሽ ሙዪና ክደኚ፣ እስከ መጋቢት ምንም አይሆንም። ልደቱ ሲደርስ እሳቸው ይምጡና በራሳቸው ጣት ያልሱት።